አሥራ አንደኛዋ

ሚያዝያ ነው በብሩክስ። በረዶው ሟሙቶ
ጋራዡ ደጃፍ ላይ ኩሬ ሆኖ ተኝቶ፣
ካርቶን አንጥፌበት ተንበርክኬ ሳያት፣
ሁለት ወንበር ብቻ፣ ሸራ ጣሪያ ያላት፣
ቀይ ነበረች ድሮ፣ አሁን ሮዝ መስላለች፤
ማዝዳ ናት፣ የዘጠና፣ ትዳሬን በዕድሜ ትበልጣለች።
«ጠዋት ስትነሣ ቀጭ ቀጭ ትላለች»
አሉ።
እኔ አልሰማሁም።

አሥራ ሰባት ዓመት ካጥንት መጋዝ ጎን ቆሜ፣
ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ለደሞዝ ሰጠሁት፣ ወድጄ፣ ፈርሜ፤
ወፍራሙ ቀርቶልኛል፦ የባቡር፣ የነጎድጓድ፣ የአለቃ፤
የወፍና የፌንጣ ግን ዘጋ፣ በቃ።

ዘርዓይ መጥቶ ሰማ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣
«ቢየላ ነው፣ ሽጣት፤ ሞተርህ አመለጠ።»
ሬይናልዶ በበኩሉ «ቀጭን ዘይት ሙላባት፣
ከላይም ይሄን ጠርሙስ ሙሉውን ጠብ አርግባት።»
ሞላሁ። ጠብ አረግሁ። አምስት ቀን ነዳኋት፣ እስከ ዱቼስ ድረስ፤
«አሁንስ?» ስል ዘርዓይ ራሱን ነቀነቀ፣ ምንም ሳይመልስ።

ናርዶስን፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኩሬውን በቦት ስትረግጥ ጠራኋት፣
ረጅሙን ካቻቢቴ ሰጠኋት፤
ጫፉ ከሞተሩ ክዳን፣ እጀታው ከጆሮዋ።
«እዚህ?» «ትንሽ።» «እዚህስ?» «ከፍ አለ።» «እዚህ?» «አባ፣ ይጮሃል!
እንደዚያ እስክሪብቶ ነው፤ የሆነ ልጅ ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣
ሚስ ፍሪዘን እስክትቀማው።»
«ነዳጅ ስሰጣትስ?» «ይፈጥናል።» «ስትሞቅስ?» «ይደክመዋል፣ ይተኛል።»
እንግዲያ ቢየላ አይደለም፤ ቢየላ ከሥር ይደልቃል፣ በሙቀት ይጎላል።
ይሄኛው ከላይ ነው። ፑንቴሪያ ነው፣
ዘይት መዋጥ ሲገባው አየር የዋጠው።

እሑድ ከፈትናት። ቺንጋውን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ
ሁለቱን ዘንጎች አወጣሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አድርጌ።
አሥራ ስድስቱን ፑንቴሪያ በማግኔት ሳበች ናርዶስ፤
በአሥራ ስምንት እንቁላል ካርቶን ደረደረች፣ ቁጥር ጽፋ በእርሳስ።
ሁለት ጉድጓድ ባዶ ቀረ። «ለማን ነው?» አለች። «ለእንግዳ።»
ሳቀች። ከወጥ ቤት ያልተፈቀደ ጎድጓዳ
ሳህን ይዛ መጣች።

ዘይት ሞላንበት። አንድ ባንድ ነክረን፣ ባውራ ጣት ስንጫን፣ ስንለቅ፣
አረፋ ይተፋሉ፤ ሌላ አረፋ፤ አያልቅ።
ለስላሳው ቀስ እያለ ጠጠር ይሆናል።
ጠጠር ከሆነ ድኗል።

ማክሰኞ ማታ ገጠምኩ። ቁልፉ ዞረ።
ናርዶስ ጆሮዋን ያዘች፤ የጉድ ጩኸት ነበረ፤
ቆይታ አንድ እጇን አወረደች፣ ቆይታ ሌላውን።
«ዝም አለ?»
አልመለሰችም።
«ዝም አለ ወይ?»
«አንዷ ቀርታለች።»

እውነቱን ልናገር፣ ተቆጣሁ።
እጄን ታጥቤያለሁ፤ ጓርኒሲዮኑን ዘግቻለሁ፤
ሚስቴ በመስኮት «እራት!» ትላለች፤
ለእኔማ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ዝም እንዳለች ነች።
«ደህና አርገሽ አድምጪ!» አልኩ፣ ድምፄ ከሞተሩ በልጦ።
ልጅቷ ኩሬው ውስጥ ቆማ፣ ፊቷ ተለውጦ፣
«አሥራ አንደኛዋ ናት» አለች። «እኔ ነኝ፣ አባ።
አውራ ጣቴን ሲያመኝ
አረፋዋ ሳያልቅ ነው ካርቶኑ ውስጥ የመለስኳት።»

እራቱ ቀዘቀዘ። ክዳኑን እንደገና ፈታሁ።
አሥራ አንደኛዋን እሷ ነከረቻት፤ እኔ መብራት ያዝኩ።
መቶ ሃያ ድረስ ስትቆጥር ከንፈሯን አየሁ።

ረቡዕ ማታ።
«አሁንስ?»
መልስ የለም። ካቻቢቴውን ከሞተሩ አስደግፋ
እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ፣ ተጫነች፣ ከቦቷ ተረከዝ ከፍ ብላ።
መጣ። ክብ፣ ሰፊ፣ ሞቅ ያለ ነገር፣ እስከ መንጋጋዬ።
ቀጭኑ የለም።
የሌለው ከሞተሩ ይሁን ከእኔ፣
ናርዶስ ታውቃለች።
ኮፈኑን ዘጋሁ።