ማቀዝቀዣ ማለት

ኮዬ ፈጬ። አራተኛ ፎቅ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
መብራት ሄዷል ዛሬም፤ ሻማው አልቋል ትናንት።
የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ፣
ሃምሳ ሁለት ወረቀት አርማለሁ፣ ጋቢዬን ለብሼ።

ጥያቄ ሦስት ቀላል ነበር፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣
«ማቀዝቀዣ ማለት ምን ማለት ነው? አብራሩ» ያልኩት።
መልሱም መጽሐፉ ላይ ቁጭ ብሏል፣
«ምግብ ሳይበላሽ የሚያቆይ ዕቃ» ይላል።

ብዙዎቹ ልክ ናቸው። ከጎኑ ልጅ ከነስሕተቱ የቀዳ አለ፤
«መቀስቀሻ» መስሎት ደወል የሣለም አለ።
አንዷ ግን፣ ፌኔት ረጋሳ፣ የመስኮቱ ዳር ልጅ፣
እንዲህ ብላለች፣ ፊደል በሚያዘነብል እጅ፦

«ማቀዝቀዣ ማለት ነጭ ቁም ሣጥን ነው።
አባቴ ከገርጂ በአይሱዙ አመጣው፤ አራት ሰው ተሸክሞት ወጣ።
ከላይ የቤታችን ካርታ አለ፣
መሐል ላይ የእናቴ ነጠላ፣
እንቁላል ማስቀመጫው ላይ የወንድሜ ብዮች፣ አሥራ አንድ።
አይጥ አይገባበትም።
መብራት ሲገባልን ዕቃውን እናወጣለን ብሏል አባቴ።»

ኤክስ አደረግሁባት።
ልማድ ነው፤ ቀይ ብዕር ከዓይን ይቀድማል።
ወዲያው ከወጥ ቤት በኩል አንድ ነገር ይሰማል፦
ጠብ፣ ጠብ። የኔው ፍሪጅ ወለሉ ላይ ያነባል።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺመቤት ናቸው፣ በጨለማ ደረጃ የወጡ፣
የስኳር መድኃኒታቸውን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ሊወስዱ የመጡ።
«ያንቺም ሞቋል፣ ልጄ፤ ስጪኝ፣ ከኔ ማሰሮ ይሻላል፤
እርጥብ ጆንያ ጠቅልዬዋለሁ፤ ቆጣሪ አይጠይቅ፣ ካርድ አይሞላ፣ ያድራል።»

ታዲያ የትኛው ነው ማቀዝቀዣ?

ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፦ «ማ» ከፊት ትገባለች፣
«ያ» ከኋላ መጥታ «ዝ»ን ስትነካት «ዣ» ትሆናለች።
መጥረጊያ የሚጠርጉበት፣ ማረፊያ የሚያርፉበት።
ይሄኛው ግን ገበያ ወርዶ የማያውቅ ቃል ነው፤
«ማቀዝቀዣ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤
ሁሉም ፍሪጅ ነው የሚለው።
ማቀዝቀዣ የሚኖረው ራዲዮ ውስጥ ነው፣ የፈተና ወረቀት ላይ፣
እንደ ክት ልብስ ተሰቅሎ።

ደግሞም ቃሉ ራሱ ደስ አይልም።
ንዴት ይበርዳል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ሲበርድም እሰይ ነው፤
የሚቀዘቅዘው ግን ወጥ ነው፣ ገበያ ነው፣ ትዳር ነው።
እኔና ተካልኝ ማቀዝቀዣ ሳንገዛ ነው የቀዘቀዝነው።
ፍሪጁን የገዛነው በኋላ ነው፣ በዕቁብ ብር፣
ሁለታችንም ቤት ውስጥ አንድ የሚያወራ ነገር እንዲኖር
ፈልገን ይመስለኛል። ማታ ማታ ያጉረመርም ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ።
ፍሪጁ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጀመረ።
በመስኮት አየሁ፤ የኛ ብሎክ ከላይ እስከ ታች በራ፤
ከመንገዱ ማዶ፣ የነፌኔት ብሎክ፣ እንደነበረ።
እዚያ ቆጣሪ አልገባም።
እዚያ አሥራ አንድ ብይ በእንቁላል ቦታ ተኝቷል፣
ካርታው በረዶ ቤት ውስጥ ነው፣ ደረቅ፣ ምንም አልነካው፤
የኔ ሥጋ ግን ሸትቷል።

ቀይ ቀለም አይጠፋም፤ በምራቅም ሞከርኩ፣ ወረቀቱ ተላጠ።
ለዚህ መልስ ከአምስት ስንት እንደሚሰጥ
መጽሐፉም አያውቅ፣ እኔም አላወቅሁ።
ነጥቡን ባዶ ትቼ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦

«ፌኔት፣ መብራት ሲገባላችሁ
ወንድምሽ ብዮቹን የት ያስቀምጣል?»