ጉልበት

አባቴ ጭቃ ላይ ይንበረከክ ነበር፣
ለጸሎት አይደለም፤ ለፊት ጎማ ነገር።
ከዘጌ ሎሚ ጭኖ፣ ክረምት ሲመለስ፣
መረሬው እስከ ዘንጉ፣ እስከ ሆዷ ሲደርስ፣
ይወርዳል።
ቀኝ ጎማ አንድ ቁልፍ፣ ግራ ጎማ አንድ ቁልፍ፣
ዝናቡ በጀርባው፣ ጎርፉ በእግሩ ሲያልፍ፣
በጣቱ ጠምዝዞ፣ ገብቶ አጭሯን ማንሻ ሲስብ፣
አራቱ ጎማዎች ይነሳሉ፣ ልክ እንደ ቤተሰብ፣
ችግር ሲመጣ ብቻ እንደሚሰበሰብ።

አስፋልት ሲደርስ ደግሞ ይወርዳል፣
ያሰረውን ይፈታል።
የረሳ ለት ወዮ፤ ዘንባባው ሥር መሪ ሲመልስ ይሰማል፣
ጎማው ይንጫጫል፣ ዘንጉ ያቃስታል፤
ፊተኛው ሰፊ ዙር፣ ኋለኛው አጭር ዙር፣
ባንድ ፍጥነት ታስረው ማን ለማን ይዙር?

ሐምሌ ላይ፣ ዓባይ ማዶ፣ ጋራዤ ደጅ ቆመ፤
ጉልበቱን ዳበሰና፣ «የኔ ነው የደከመ፣
የሷስ ደህና ነው» አለኝ፣ በአገጩ ላንድክሩዘሯን ጠቆመ።
ከፋሲካ ወዲህ አልተያየንም።
እሱ የሚመጣው ሲበላሽ፣ እኔ የምሄደው ሲጠራኝ፤
ሌላ ጊዜ የለንም።
«ሳልወርድ እንድታልፍ አድርገህ ሥራልኝ»
አለኝ።

ከማርቆስ፣ ተገልብጣ ከቀረች አንዲት መኪና ሆድ፣
ትራንስፈሩን ገዛን፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ።
ረዳቴ ሽባባው በናፍጣ አጠበው፣
ጆንያ ላይ ዘርግቶ ጥርስ በጥርስ ደረደረው፤
በመሃል ደግሞ እፍኝ የምትሞላ ቤት፣
ትንንሽ ጥርሶች እርስ በርስ የሚዞሩባት።
«ይቺ ምንድን ናት?»

«ነገሩ እሷ ናት፣ አባ።
አራቱም ሁልጊዜ አብረው እንዲውሉ ካሻህ
መሃል ላይ የምትላላ ነገር ታስፈልጋለች፤
አንዱ ሲፈጥን፣ ሌላው ሲዘገይ የማትቆጣ።
ሁልጊዜ መታሰር ብቻማ ዘንግ ይሰብራል።»

ጣቱን ሰዶ አዞራት፤ አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ ሄደ።
ዝም አለ። ዝም አልሁ። ናፍጣው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።
ማታ እናቴ በስልክ ሰማችና ሳቀች፦
«ይቺንስ መግጠም ለእናንተ ነበር» አለች።

ሦስት ቀን ፈጀብን። የፊት ቁልፎቿን ነቀልሁ፣
በየጎማው ስድስት ብሎን፣ ድፍን ክዳን አሰርሁ።
የወለቁትን በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ሸጎጠ፤
ለምን አላልሁትም። ዘንባባው ሥር ስንደርስ ጆሮውን ሰጠ፣
ማቃሰቷን ጠበቀ።
ምንም። ጣና በስተቀኝ ከዛፎቹ ኋላ ብልጭ እያለ ራቀ።
«ነዳጅ ግን ትበላለች» አለኝ።
«ትበላለች።»

ከዚያ የዘጌ መንገድ። መረሬ። ውሃ ያቆረ የመኪና ዱካ።
አልቆመችም ነበር፤ እሱ ግን አቆማት፣ ልማድ ነው ለካ።
ሞተሩ እየሠራ ወረደ፤ ተንበረከከና
እጁ ቁልፉን ፈልጎ ድፍን ብረት ነካ።
እዚያው ትንሽ ቆየ።
በመዳፉ ጭቃውን ከክዳኑ ላይ ጠረገ፣ እንደ ሕፃን ፊት።
ወርጄ ክንዴን ሰጠሁት፤ ተነሳ።
«ጉልበት» አለ፣ እያለከለከ።
የቱን እንደሆነ አልጠየቅሁት፤
በሩን ዘጋሁለት።