እርማት

አባቴ መቀስ ነበረው፣ እጀታው በጨርቅ የታሰረ፤
ቀን በጎንደር ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ ውሎ፣ ማታ ጋዜጣ መተረ።
ከአዲስ አበባ ሦስት ቀን ዘግይቶ፣
ባውቶቡስ ጣሪያ የዓባይ በረሃን አቧራ ጠጥቶ
ከመጣው ወሬ አንድ ስም ይለቅም ነበር፣ የቀረውን ትቶ፦
አዛናው ወረታ።
ቆርጦ በዱቄት ሙጫ ይለጥፋል፤ ቀኑን በቀይ እርሳስ፣ በእርጋታ።

ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። የሻገተ ሊጥ ይሸታል።
አይጥ ሙጫውን ፍለጋ ገብታ ፎቶግራፉን ቆርጥማለች፤
ግንባሩ አለ፣ አገጩ አለ፣ በመሃል አፉ ጠፍቷል።

ገጽ አንድ። ጃንተከል ዋርካ ሥር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ሰው መጥቶ ከደምቢያ፣ ከአርማጭሆ፣ ከአዘዞ፤
«የገበሬው ግብር ይቅለል» ሲል፣ ዜናው «ተጨበጨበ» ብሎ ይዘጋል፤
አባቴ እዚያ ነበረ፣ በኅዳጉ እንዲህ ይላል፦
«አልተጨበጨበም። ዝም ነበር፣ ዝም።
አንድ ሽማግሌ ብቻ ‹እህም›።»

ገጽ ዘጠኝ። ፓርላማ ገባ። ክራባቱ ጠማማ።
ገጽ አሥራ አንድ። ክቡር አቶ አዛናው ተናገሩ፤ ጉባኤው ተስማማ።
ገጽ አሥራ ሁለት። ጉባኤው እንዳልተስማማ።

ከዚያ ያ ደብዳቤ ወጣ። በፊት ገጽ፣ በወፍራም ፊደል፣
ፊርማው ከግርጌ፣ «ለሽፍታው ጥይት ልኬአለሁ» የሚል።
ፒያሳ ላይ ያነበበ ተሳደበ፤
ቅዳሜ ገበያ ማንበብ የማይችለው «ውሸት ነው» አለ፣ ልክ እንዳነበበ።
አባቴ ፊርማውን ያውቃል፤ በአደራ ደብዳቤ መዝገብ ስንቴ ፈርሟል፤
የአዛናው ‹ወ› አንዷ ዓይኗ ክፍት ናት፣ የጋዜጣው ግን ተገጥሟል።
ማን ይጠይቀው? ቴምብር መቺን ማን ቆጥሮ?
ዝም አለ፣ በዚያ ክረምት፣ ከነነገሩ ተቀብሮ።

በሰባተኛው ወር፣ ስድስተኛ ገጽ ላይ፣
በጠፋ ማኅተምና በሐራጅ መካከል፣ ለሚያይ፣
አራት መስመር፦ «እርማት። ደብዳቤው የሐሰት ነበረ።»
ውሸቱ በከበሮ ገብቶ፣ እውነቱ በጓሮ ዞረ።

አሁን ደግሞ የማይታረመው መጣ።
የሻረግ። የሰው ሚስት። የፍርድ ቤት ዜና፣ ሦስት አምድ፣ በተከታታይ የወጣ።
ለሐሰቱ የቆመለት ሕዝብ በእውነቱ ተበተነ፤
ያ ሁሉ ወዳጅ ጃንተከል ሥር ለሁለት ሆነ፣
ግማሹ «መሪ ነው»፣ ግማሹ «መሪ ነበር» እያለ፤
በ‹ነው› እና በ‹ነበር› ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ማዕድ ነጠለ።
እሷን የጠየቀ ጋዜጠኛ የለም።
አባቴ ብቻ፣ በኅዳጉ፣ ቀይ ቀለም፦
«ዛሬ ደብዳቤ ልትልክ መጣች። ሁለት ቴምብር።
እጇ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው የእኔ ነበር።»

ከዚያ ባዶ ገጾች። አራት ዓመት።
ሰውዬው አለ፤ አንገረብ ማዶ ቤት ተከራይቶ፣ ጫማውን ሲያስጠግን ይታያል፣
ሰላም ያለው ይላል፣ ያላለው ያልፋል፤
ይህ ግን ዜና አይደለም፣ አይለጠፍም።

የመጨረሻው ገጽ። ሞት፣ በሁለት መስመር፣ ከእግር ኳስ ውጤት በታች፣
«አቶ አዛነው ወረታ ዐረፉ»፤ አንዲት ፊደል ተሳስታ ወጣች።
አባቴ እርማት ጠበቀ። አንድ ሳምንት። ሁለት። ከአውቶቡሱ የወረደውን ሁሉ ገለጠ።
አልመጣም።
አንድ ማታ እርሳሱን ቀርጾ፣ በምላሱ ጫፉን አርሶ፣ ተቀመጠ፤
የ‹ነ›ን እግር ወደ ግራ አጠፋት፣ በቀይ፣ ቀስ ብሎ፤
‹ና› ሆነች።
እርማት አወጣ ብዬ ነበር፣ ያኔ፣ የልጅ ነገር፤
ዛሬ ሳየው እርሙን ኖሯል ያወጣው። ‹ና› ብሎት ነበር።

መቀሱን በማግስቱ እናቴ ወሰደች፤
የጋቢ ዘርፍ ትቆርጥበት ጀመረች።