ሦስት ሌሊት

«ጫማ ሳይለካ አይገዛም፤
ሐብሐብ ሳይመታ፣ ድምፁ ሳይሰማ፣ አይነሳም፤
ቤት ሲሆን ነው እንዴ ዐይን ተጨፍኖ
የሃያ ዓመት ላብ የሚሰጥ ተዘግኖ?»
አለች ዘርፌ። ደላላው ሻፊ ከልቡ ሳቀ፤
«እትዬ፣ ቤት እንደ ጠጅ ይቀመሳል?» ብሎ፣ ስለ ቀብድ ጠየቀ።

የቤቱ ባለቤት አዴ ሎሚ ግን
ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱ፤
«ሦስት ሌሊት እደሩበት፤
እኔ ልጄ ጋ፣ ወንጂ እሰነብታለሁ» ብለው ወጡ።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያረጀሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ጋቢና ውስጥ
ጉልበቴን አጥፌ የተኛሁ።
መኪናዬን ከግንቡ አስጠግቼ አቆምኩ።
ፍራሽ አወረድን፣ አንድ ጀሪካን፣ ሁለት ኩባያ፤
ባዶው ሳሎን ውስጥ ድምፃችን ዞሮ ሲመጣ
የሌላ ሰው መሰለን።

የመጀመሪያው ሌሊት የአዳማ ነፋስ ነበር።
ከጣራው ላይ አንድ የላላ ቆርቆሮ
ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፤
እንደ ጀማሪ ገጣሚ
ቤት ሲመታ ያድራል።
«ሰማሽ?» አልኳት። «ሚስማር ነው የጎደለው» አለችኝ፤
በስልኳ ብርሃን፣ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ
«ጣራ፦ ስድስት ሚስማር» ብላ ጽፋ አሳየችኝ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቧንቧው ሳለ፤
አፈር አፈር የሚል ውሃ ተፋ፤
እኔ በቁምጣ፣ እሷ በሻሽ፣
ሮቶው እስኪሞላ ቆመን፣ እንቅልፋችን ጠፋ።
«ውሃ፦ ሌባ ነው፤ በሌሊት ይገባል።»

ሁለተኛው ሌሊት ነፋሱ ተኛ፤ እኔ አልተኛሁም።
እግሬን ዘረጋሁ፤ የሚያግደኝ በር የለም፣ መሪም የለም፤
ከሩቅ፣ ከአውራ ጎዳናው፣ ተሳቢ ሲያጓራ
ቀኝ እግሬ አንሶላ ስር ፍሬን ይፈልጋል።
ለካ ቤቱም እኔን ሲለካ ነው ያደረው፤
ልስፋበት ልጥበበው፣ አልነገረኝም።
ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አነጠሰ።
«ይማርህ!» አለች ዘርፌ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሳታስበው።
ትንሽ ቆየና
«ያኑርሽ» የሚል ድምፅ መጣ።
«ግድግዳ፦ ስስ» ብላ ጻፈች።
ቆይታ ሰረዘችው።

ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ማብሪያ ነበር፣ ምንም የማያበራ፤
ብንጫነው፣ ብንጫነው፣
ኮርኒሱም ዝም፣ ግቢውም ዝም።
«ማብሪያ፦ ሥራ ፈት።»

በሦስተኛው ቀን ማታ አዴ ሎሚ
ሳያንኳኩ ገቡ።
እጃቸው፣ ሳያዩት፣ ማብሪያውን አገኘው፤ ቀጭ አደረጉት፤
ከዚያ እኛን ሲያዩ ደነገጡ።
«አፉ በሉኝ፤ የደጁ ነበር» አሉ፤
«ሟቹ ከስኳር ፋብሪካ፣ ከማታ ፈረቃ ሲመጣ የማበራለት።
ሲሞት፣ ገመዱን እኔው ነኝ የቆረጥኩት።
እናንተ ቤቱን ስትሞክሩ
እኔም ያለ ቤቱ መኖርን ልሞክር ብዬ ነበር፤
ሁለት ሌሊት፣ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር።»

ዘርፌ አየችኝ። ምንም አላለች፤
ፍራሹን ለእሳቸው አነጠፈች።
እኛ ጋቢና ወጣን።
ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተኛችበት አልጋ ነው።
«ጠባብ ነው» አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።
ነፋሱ ተመልሶ መጣ፤ ቆርቆሮው ቤቱን መታ፤
እኔም ተኛሁ።

ነጋ። ሻፊ ከበሩ ቆሞ፣ ስልኩን እያየ፣
«እህስ፣ ቀመሳችሁት?» አለ።
ዘርፌ ደረሰኙን ከቦርሳዋ አወጣች፤
ከሰረዘችው በታች፣
አልጽፍ ያለ እስክሪብቶዋን ሁለቴ ጭራ፣
«የደጁ መብራት፦ ይቀጠል» ብላ ጻፈች።