አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር

ነሐሴ ነው፤ ቺሎዌ ደሴት ዝናብ ውስጥ ናት፣
ወደቡን ሊዘጉት ቀርቷቸው ሦስት ሰዓት፣
ኤርሚንዳ ናዌልኪን ገባች ተንጠባጥባ፣
ቦቲዋን በር ላይ ጥላ፣ በካልሲዋ ቀርባ።

«ደህና ነኝ» አለችኝ፤ «ወገቤን ነው ትንሽ፤
የዛጎል ገመድ ነው ያደከመኝ፤ አይጨንቅሽ።»
ሃያ ሦስት ሳምንቷ፤ ሁለተኛ ልጇ፤
ፊተኛው ቸኩሎ፣ ቀን ሳይሞላ ነበር የወጣው ከደጇ።
(ዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣
ስሮጥ አትቅደሙኝ ይላል።)

መብራቱን አጥፍቼ አጎነበስኩ ወደ ግራጫው ምስል።
የማህፀን በር ይሉታል። እውነትም በር ይመስል፦
ከውስጥ የሚዘጋ፣ የሚከፈት ከውስጥ፣
ባለቤቱ ሳትሰማ በሌት የሚገለጥ።

ከነጥብ እስከ ነጥብ አንድ መስመር ሳብኩኝ፤
አላመንኩም። ደገምኩ። ሠለስኩ። ያንኑ አገኘሁኝ፦
አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር።
ወንበር ላይ ከሰቀለችው ካፖርት፣ አንዲቷ ቁልፍ
ያን ታክላለች። ያ ነው ያ በር ያለው ቁልፍ።

ማስያው ጠየቀኝ፦ ዕድሜዋን፣ ክብደቷን፣
ታጨስ እንደሆነ፣ ያለፈ ወሊዷን።
ስለ ነፋሱ አልጠየቀም፤ ስለ ጀልባው ዋጋ፣
ስለ ባሏ ዕዳ፣ ወደቡ መቼ እንደሚዘጋ።
መለሰልኝ ደግሞ፦ ሠላሳ አንድ ከመቶ።

መቶ ኤርሚንዳዎች አሰለፍኩ በልቤ፣
መቶ ጥንድ እርጥብ ካልሲ ምድጃ ዙሪያ አስቤ፤
ሠላሳ አንዷን ልለይ ዓይኔን ባነሣማ፣
አንዲት ናት ያለችው፤ የምታዛጋ፣ ደክማ።

ባሏ ሊሳንድሮ መጣ፣ ባርኔጣው ውኃ አዝሎ፤
«ስድሳ ዘጠኙስ የት ሄደ?» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ማዕበል አለ ቢሉህ፣ ሠላሳ ከመቶ፣
ትወጣለህ?» አልኩት። ሳቀ፣ ፊቱ በርቶ፦
«ሁልጊዜ ነው የምወጣው።»

መልስ አልነበረኝም።

ነገር ግን ኮራሊያ። ሁለት ዓመት ሆናት።
አራት ከመቶ ነበር ማስያው የሰጣት።
«ግቢ ቤትሽ» ብያት፣ በሳምንቱ ማታ፣
ወሽመጡ መሐል ላይ፣ የጀልባ ወለል ተኝታ፣
የማያለቅስ ሕፃን በሹራቤ ጠቀለልን።
አራት ከመቶም ስም አላት። ቤቷ ከቤቴ ሦስተኛው ነው።

«ትሄጃለሽ» አልኳት፣
ድምፄ ከቁጥሩ ይልቅ ሲያምን እየሰማሁት።

ፑዌርቶ ሞንት፣ ሆስፒታሉ ጎን፣ የኪራይ አልጋ፤
ማታ አንዲት ክኒን ውጣ፣ ቀን ቆጥራ ሲነጋ፣
መስከረም አለፈ። ጥቅምት። ደግሞ ኅዳር።
እዚህ ገመዶቹን በጠሰብን ባሕር፤
የሊሳንድሮ ዛጎል ግማሹ ሰጠመ፣
መንገድ ላይ ሰላምታው አጠረ፣ ደከመ።

ታኅሣሥ ላይ ወለደች። በሠላሳ ዘጠነኛው ሳምንት፣ በሰዓቱ፣
ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል፤ ጩኸቷ አይበቃውም ቤቱ።
«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ደሴቱ ተቀበለ፤
«ያቺ የቁጥር ጠንቋይ!» በእኔ እየሳቀ ዋለ።

ክኒኗ ነው የያዘው? ዕረፍቱ? ወይስ ከመጀመሪያው
ከስድሳ ዘጠኙ ነበረች? እኔ አላውቀው።
አንዲት ልጅ ሁለቴ አትረገዝም፣
አንዴ እናቷ ተልካ፣ አንዴ ሳትለካ፣
ጎን ለጎን ቆመው እንዲታዩ።

ጥር ላይ ልትመዘን መጣች። ታቅፌያት ሳለሁ
የነጭ ጋዋኔን ቁልፍ ጨበጠች።
ጣቶቿን አንድ በአንድ ላላቅቅ ሞከርኩ፤
እምቢ አለች፤ አጠበቀች።
ቁልፉን በዓይኔ ለካሁት፣
ልማድ ሆኖብኝ።