ፍሬቻ

ትብሊሲ ውስጥ ፍሬቻ፣
ጌጥ ነው፣ ለሠርግ ብቻ።

ይህን የምለው ኖዳር ነኝ፤ የሠላሳ ዓመት ሹፌር፣
መስኮት ዝቅ አድርጌ በክላክስ ስፎክር።
ፓራውልቱ የረገፈ፣ ድዱን ያሰጣ መኪና፣
ከጎን መጥቶ ሲሰነቀር፣ ያለ ምልክት፣ ያለ ትሕትና፣
ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ዘሩን እቆጥርለታለሁ፤
ቀይ መብራት ላይ ሳገኘው፣ የረሳሁትን እጨምራለሁ።
አንዱ መሪውን በጉልበቱ ይዞ በሴንጢ ሐብሐብ ይቆርጣል፤
አንዱ አደባባይ መሐል ቆሞ ከአክስቱ ልጅ ጋር ያወጋል፤
እኔ ብቻ ነኝ ጨዋ፣ እኔ ብቻ ነኝ ጠንቃቃ፣
በዚህ እንቅልፋም ከተማ አንድ እኔ ብቻ የነቃ።

ቤቴን ደግሞ ላሳያችሁ። ግልዳኒ፣ አምስተኛ ፎቅ።
ምንጣፉ ሥር ገመድ አለ፣ እንደ እባብ ተጋድሞ፣
ሰባት ቦታ ተበጥሶ፣ በፕላስተር ታክሞ።
ሶኬቱ ብልጭታ ይተፋል፣ ስሰካበት ማፍያውን፤
"ነገ እሠራሃለሁ" ብዬ እመታለሁ ግድግዳውን።
በረኪናው በለስላሳ ጠርሙስ፣ ስም ሳይኖረው ተቀምጧል፤
ናቲያ፣ የልጄ ልጅ፣ አራት ዓመቷ፣ እጇ መደርደሪያው ጋ ደርሷል።
የበረንዳው ብረት ይወዛወዛል፤ "አትደገፍ" እንላለን ለእንግዳ፤
እኛን አይነክስም፤ እንደ ውሻ ነው፣ ለይቶ ያውቃል ባዳ።

መታጠቢያ ቤቱ ጥግ የጋዝ ማሞቂያ ተሰቅሏል፤
ነበልባሉ ሰማያዊ ነበር፣ ዘንድሮ ቢጫ ሆኗል።
የአየር መግቢያውን ቀዳዳ፣ ብርድ እንዳይገባ ብዬ፣
ወትፌዋለሁ በሹራቤ፣ ጥግ ድረስ ጠቅጥቄ።
ጺያላ "ራሴን" አለች። አንድ ማታ። ሁለት ማታ።
"ነፋሱ ነው" አልኳት፣ ሳልነሳ ከሶፋው ቦታ።

ሐሙስ ዕለት፣ ድልድዩ ላይ፣ አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና
ፍሬቻዋን አበራች።
አዎ፣ ፍሬቻ!
ላሳልፋት? ሞቼ ነው። ነዳጅ ረገጥኩ፣
ከፊቴ ካለው መኪና ጭራ ጋር ተጣበቅኩ።
ብልጭ ትላለች፣ ድርግም ትላለች፣ ትለምነኛለች ደጋግማ።
በስፖኪዮ አየሁት ሰውየውን፤ ወጣት ነው፣ አልተሳደበም እማ።
መዳፉን ብቻ ዘረጋ። ከአውቶቡሱ ኋላ ትቼው ሄድኩ፣
እስከ ግልዳኒ ድረስ፣ እንዳሸነፈ ሰው ሳፏጭ ነዳሁ።

ደረጃው ላይ ጎረቤት ሞልቷል። መስኮት ሁሉ ተከፍቷል።
ጺያላ በሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤
ከንፈሯ ቀለሙ ጠፍቷል። ስታየኝ "መጣህ?" አለች።
መታጠቢያው ቤት ወድቃ ነው። ታች ያለችው ጉሊኮ፣ ድምፁን ሰምታ፣ በመዶሻ በሩን ገንጥላ፣
ያወጣቻት እሷ ናት፣ እንደ ሕፃን አንጠልጥላ።

"የጋዙ ሠራተኛስ?" አልኩ። "ተጠርቷል፤ መንገድ ላይ ነው።"
"አርባ ደቂቃ!" ብዬ ጮህኩ፤ "ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው?"
ያን ጊዜ በእግሩ መጣ፣ ሊፍቱ ሳንቲሙን በልቶበት፣
ሣጥኑን ትከሻው ላይ ይዞ፣ ላብ ግንባሩን አጥቦት።
"ይቅርታ" አለ፣ "ድልድዩ ላይ..." ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈ።
የቀረውን ቃል ዋጠና፣ ዝም ብሎኝ አለፈ።

ከቀዳዳው ሹራቤን መዝዞ አወጣ፤ በጥቀርሻ ጠቁሯል።
"የማን ነው?"
ጉሊኮ አየችኝ። ናቲያ አየችኝ።
ጺያላ አላየችኝም። ሹራቡን በእጇ የሠራችው እሷ ነበረች።

በሳምንቱ፣ ሾርባ ስሰጣት፣ "የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለው ሌላው ነው" አለች፤
"አንተ ለመንገዱ ቀጋ፣ ለቤትህ አልጋ ነህ፤
ያውም አንተው የተኛህበት።"

ሶኬቱን ቀይሬዋለሁ። በረኪናው ስም አግኝቷል።
የበረንዳው ብረት ገና ነው። ነገ።
ዛሬም እሳደባለሁ፤ ግን እስከ ሦስተኛ ትውልድ ብቻ፤
አሳልፋለሁም፣ ካየሁ፣ ያቺን ብርቅ ነገር፣ ፍሬቻ።

ልጁ የሰቀለልን ጠቋሚ፣ ግድግዳው ላይ በጨለማ፣
ብልጭ ይላል፣ ድርግም ይላል፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ።
ጺያላ ትተነፍሳለች። እቆጥራለሁ። ያሸልበኛል።
ቀኝ እግሬ ብቻ ሳይተኛ፣ አንሶላው ላይ ፍሬን ይይዛል።