አይሰማም

አባቴ ተካልኝ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ታይፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሰው አቤቱታ ሲያሳምር፤
«ተበደልኩ» ላለው፣ «እጅግ ተበደልኩ» ብሎ ሲጨምር፤
ለደረቀ ነገር፣ በሁለት ብር ተኩል፣ እንባ ሲያበድር
ኖረ።

እኔ ዛሬ ጀመርኩ።
ከዚራ፣ ፎቅ ላይ፣ ማራገቢያው አቧራ በሚያዞርበት ክፍል፣
ማዳመጫ በጆሮዬ፣ ከእግሬ ሥር ፔዳል፤
እንደ ቀፊራ ልብስ ሰፊ ስረግጠው ይናገራል፣
ተረከዜን ሳነሳ ዝም ይላል፤
አንድ ሙሉ ሐኪም፣ ስንት ዓመት የተማረ፣
በነጠላ ጫማዬ ፈቃድ አደረ።

ሲስተር አይናለም ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
ሻይዋን አማስላ እንዲህ አለች፦
«የሰማሽውን ጻፊ። ያልሰማሽውን አትገምቺ።
ፊፍቲንና ፊፍቲ አጥር የሌላቸው ጎረቤት ናቸው፤ አንቺ
በመሃላቸው ያለውን ጉድጓድ አትርሺ።
ሃይፐር ሽቅብ ነው፣ ሃይፖ ቁልቁል፤ መንታ ናቸውና አያምታቱሽ፤
ግራ እግር ያለውን ቀኝ ብለሽ ብትጽፊ፣ ቢላው አይጠይቅሽ።
ካልገባሽ፣ ክፍት ተይው፤
ደቂቃውን መዝግቢና፣ ከጎኑ ‹አይሰማም› በይው።
ነውር የለውም፤ ነውሩ መሙላቱ ነው።»

መሙላት!
ባዶ መስመር ሲያይ ጣቱን ይበላው ለነበረ ሰው ልጅ።

የመጀመሪያው ቅጂ፦ ዶክተር ነስረዲን።
ከምሳ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ግማሹን ቃል ይውጣል፤
መቅረጫውን ማጥፋት ይረሳል፤
ከጀርባው ባጃጅ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፤
አዛኑ መጥቶ፣ ስለ ኩላሊት በሚያወራው አረፍተ ነገር መሃል ያልፋል፤
እሱ አያቋርጥም።

ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከሩቅ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ፣
ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች፦
«ዶክተር፣ ማታ ስተኛ ደቻቱ ደረቴ ላይ ይሞላል፤
ሲነጋ ውሃው ይሄዳል፤ አሸዋው ግን ይቀራል።»
ዶክተሩም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአራት ቃል፦
ታማሚዋ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል።

ጎርፉን ጻፍኩት።
የአባቴ ጣት ነው በጣቴ ገብቶ የጻፈው።
አየሁት፤ ያምር ነበር።
ሰረዝኩት።
ትንፋሽ ማጠር። አራት ነጥብ።

ግን ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።
መለስኩ፣ ደገምኩ፣ ሦስቴ ሰማሁ፦
አዴ ሹክሪያ ናት፣ ከመጋላ መግቢያ ሎሚ የምትሸጥ፤
አስር ብላ ቆጥራ አስራ አንድ የምትሰጥ፤
ቁጥር ብትስት እንኳ ለሰው እንጂ ለራሷ የማትስት።

በሩ ተዘጋ። ወጣች። የዶክተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፦
«ልቧ ሰፍቷል» አለ።
በእኛ አፍ ቢሆን ሙገሳ ነበረ፤
ልበ ሰፊ ሲባል ታጋሽ፣ ቻይ፣ ቂም የማያውቅ፤
በራጅ ላይ ግን ስፋት በሳንቲሜትር ነው የሚታወቅ።
ልጆቿ አልሰሙም። እሷም ገና።
እኔ ሰማሁ፤ በሰባት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ።
ጻፍኩት፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም።
ያለ ስህተት የጻፍኩት ነገር እንዲህ አሞኝ አያውቅም።

ማታ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣ በመጋላ በኩል ወረድኩ።
ላልፋት ነበር፤ «ሎሚ ያስፈልገኛል» ብዬ ለራሴ ዋሸሁ፣ ቆምኩ።
«የተካልኝ ልጅ! ሥራ ገባሽ አሉ። ምንድን ነው?»
«መጻፍ ነው።»
«እንደ አባትሽ?»
«አይ፣ አዴ፤ እኔ አልጨምርም።»
«እኔ እጨምርልሻለሁ» ብላ ሳቀች፤
አስራ አንደኛዋን መርጣ ከፌስታሉ ከተተች።
ጠዋት የፈረምኩት የምስጢር ወረቀት
ምላሴ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ደህና ነሽ፣ አዴ?»
«ደህና…
ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

በ‹ደህና›ና በ‹ነኝ› መሃል፣ ሦስት ሴኮንድ ያህል፣
አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ጨርቅ ያለ ነገር አለ።
ተረከዜ አስፋልቱ ላይ ፔዳሉን ፈለገ፣ ወደ ኋላ ሊመልስ።

ሎሚዬን ይዤ ሄድኩ።
ደቂቃውን መዘገብኩ።
ከጎኑ፦ አይሰማም።